ኡጌት ያላወለቀችው ስካርፍ

ኡጌት ፔራሾን ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በፈረንሳይዋ ሊዮን ከተማ፣ ቤቷ መስኮት ሥር ተቀምጣ የሰው ስካርፍ ጠርዝ ስትጠቀልል ኖራለች። የሐሩን ዳር በሁለት ጣቷ መካከል እያንከባለለች ታቀጥነዋለች፤ ከዚያ በማይታይ ስፌት ትይዘዋለች። የሚያሠራት ባለ ትልቅ ስሙ የሐር ስካርፍ ድርጅት ይህን ሥራ ለማሽን ሰጥቶ አያውቅም። ኡጌት ስካርፎቹን የሰው አንገት ላይ ታያቸዋለች እንጂ ለራሷ አንድም አልነበራትም።

ባሏ አንቶናን የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። አንድ እሑድ ከገበያ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ገባ።

«ዕድሜሽን ሙሉ ለሰው ስትሰፊ! እንቺ፣ ይሄ ደግሞ ያንቺ ነው።»

ሰማያዊ ነው፤ ዳር ዳሩን ወፎች አሉበት። ሥዕሉ የድርጅቱ ነው፤ ጨርቁ ግን ፖሊስተር፣ ጠርዙም በማሽን የተሰፋ። ኡጌት ገና ዘርግታ ሳትጨርስ አስመስለው የሠሩት መሆኑን አወቀች። አመስግና ሳመችው። በማግስቱ እሱ ሥራ ሲሄድ ጠብቃ ስፌቱን ተረተረችና በእጇ ትጠቀልለው ጀመር። ፖሊስተር እንደ ሐር አይታዘዝም፤ ጠቀለልኩት ስትል እየተፈታ አንድ ሳምንት ፈጀባት። አንቶናን ይህን ሳያውቅ ባለፈው የካቲት ሞተ።

ግንቦት ላይ ኡጌት ጡረታ ወጣች። በድርጅቱ ልማድ ጡረታ የምትወጣ ሴት እውነተኛው ስካርፍ ይሸለማታል። እሱን አድርጋ ፎቶ ትነሣና ከቀደሙት ጋር አዳራሹ ግድግዳ ላይ ትሰቀላለች። ኡጌት የራሷን ቦታ በልቧ ከመረጠች ቆይታለች፤ መስኮቱ አጠገብ።

ልጇ ሶላንዥ በመኪና ልትወስዳት መጥታ አንገቷን ስታይ ደነገጠች።

«እማዬ፣ ምን ነካሽ! እነሱ ድግስ ላይ ፎርጅድ አድርገሽ ልትሄጂ?»

«አባትሽ ነው የሰጠኝ።»

«አባዬ እኮ ተሸውዶ ነው!»

«አውቃለሁ። የተሸወደው ግን ለእኔ ብሎ ነው። ባክሽ ንጂ፣ ረፈደ።»

አዳራሹ ውስጥ ሥራ አስኪያጇ ማዳም ቪያር ሳጥኑን ሰጥታ፣ እጇን ጨብጣ፣ ፈገግ እንዳለች ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች።

«ለፎቶው ያቺን ቢያወልቋትስ?»

«አላወልቅም።»

«ማዳም ፔራሾን፣ እኛ እኮ ሥዕላችንን የሚሰርቁትን ፍርድ ቤት ነው የምናቆመው። ግድግዳችን ላይ ልንሰቅለው አንችልም።»

«ልክ ነዎት። እንግዲያው ግድግዳው ይቅርብኝ።»

«ለአንድ የገበያ ጨርቅ ብለው?»

«ጨርቁ የገበያ ነው። ጠርዙን ግን ይዩት።»

ማዳም ቪያር ጠርዙን በጣቷ ዳሰሰች። ከኋላ የኡጌት የሥራ ባልደረባ ሬጂን አንገቷን አስግጋ አየች።

«አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል? ፖሊስተር በእጅሽ ጠቀለልሽ?»

«ጠቀለልኩ።»

«ጣትሽ አልተላጠም?»

«ተላጠ እንጂ!»

ሴቶቹ ሳቁ። ፎቶ አንሺው ግን ካሜራውን ወደ ቦርሳው መለሰ።

ሲመለሱ ሶላንዥ አኩርፋ ነዳች። ድልድዩን ሲሻገሩ አላስችል አላት።

«እማዬ፣ ያን ሁሉ ዓመት ሠርተሽ! ቢያንስ እዚያ ግድግዳ ላይ ትኖሪ ነበር።»

«እዚያ ከተሰቀሉት የግማሾቹን ስካርፍ የጠቀለልኩት እኔ ነኝ። ድሮ ተሰቅያለሁ።»

ከዚያ ሳጥኑን ከፈተችና አውራ ጣቷን በሐሩ ዳር ዙሪያውን አስኬደች።

«እንቺ፣ ያንቺ ይሁን» አለች፣ መልሳ እየከደነችው። «ሦስተኛው ማዕዘን ላይ ስፌቱ ላልቷል። እሑድ አምጪውና አጠብቅልሻለሁ።»