የአባዬ ሦስተኛ ገጽ

ወገኖቼ፣ ዛሬ በፊታችሁ በተሰበረ ልብ አንድ ኃጢአት እናዘዛለሁ... የሰፈሬ ልጆች ደብተር ሥር ልብ ወለድ ይደብቃሉ። እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ባዮሎጂ ሥር የአባዬን የቲዎሎጂ ሞጁል ደብቄ አነባለሁ።

አባዬ አየር ጤና ጋራዥ አለው፤ የቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ ነው። በሃምሳ ሦስት ዓመቱ «ለአገልግሎት በደንብ ልዘጋጅ» ብሎ ቅዳሜ ቅዳሜ ቲዎሎጂ በዲግሪ ይማራል። የሚሄደው ደግሞ የእኔን የስምንተኛ ክፍል ቦርሳ አንግቶ ነው... ሮዝ ነው! የታክሲ ረዳቱ «ፋዘር፣ የልጅዎን ቦርሳ ጭንዎ ላይ ያድርጉት» ይለዋል።

ታክሲው እስኪርቅ ቆሜ አያለሁ። ቦርሳዬ ክፍል ይገባል... እኔ ቤት ገብቼ ስለ ኩላሊት አጠናለሁ። ምክንያቱም እኔ ሐኪም ነኝ። ገና ሳልወለድ ተወስኗል። ቤት ውስጥ ስሜ ራሱ «ዶክተር» ነው።

ሲመለስ ደብተሩን አገላብጣለሁ። «ጸጋ ማለት እንግዲህ...» ይልና እስክሪብቶው ቁልቁል ተንሸራቶ ከገጹ ይወጣል። ተኝቷል! እሱ ቅዳሜን ተኝቶ፣ እኔ መምህሩ ቀጥሎ ምን እንዳለ ሳስብ እከርማለሁ።

የቤት ሥራውን የምተይብለት እኔ ነኝ። እሱ ሳሎን ውስጥ እየተንጎራደደ ይሰብካል፣ እኔ እጽፋለሁ።

«ስለዚህ ወገኖች፣ ሃሌሉያ በሉ!»

«አባዬ፣ ሃሌሉያውንም ልጻፈው?»

«ጻፊው፤ መምህሩም አሜን ይበል።»

ባለፈው ስለ ጸሎት ሁለት ገጽ አስጻፈኝና ሶፋው ላይ እንቅልፍ ጣለው። የታዘዘው ሦስት ገጽ ነው... እጄ አላረፈም። ስለ ሐና ጻፍኩ። ድምፅ ሳታሰማ ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ፣ ካህኑ ዔሊ «ሰክራለች» ብሎ እንደ ገሠጻት። «ዕድሜውን በቤተ መቅደስ የጨረሰ ሰውም አጠገቡ የሚጸለየውን ላይሰማ ይችላል» ብዬ ዘጋሁት። ጠዋት ሳያነበው ሮዙ ቦርሳ ውስጥ ከተተው።

ትናንት ከሰዓት አባዬ የታረመውን ወረቀት ይዞ መጣ። አብሮት የሚማሩት ጋሽ ደምሴም ተከትለውት ገቡ። እኔ ባዮሎጂዬን ዘርግቼ ጠረጴዛው ጋ ነኝ።

«በል እስቲ፣ መምህሩ ምን አለህ?» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«ሁለቱ ገጽ ጥናት ሳይሆን ስብከት ነው ይላል። ስብከት ከሆነማ ተሳክቶልኛል!» አለና ሦስተኛውን ገለጠ። የመምህሩን ማስታወሻ ሲያነብ ድምፁ ቀነሰ። «ይህ ገጽ ግን የሌላ ሰው ነው። የጻፈው ሰው ክፍሌ ውስጥ ቢቀመጥ ደስ ይለኛል።»

ጋሽ ደምሴ እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ። «መንፈስ ቅዱስ ነዋ!»

«መንፈስ ቅዱስ ላፕቶፕ የለውም፣ ደምሴ።»

ገጹን ከመጀመሪያው አነበበው... ድምፅ ሳያሰማ፣ ከንፈሩ ብቻ እየተንቀሳቀሰ። ፊቴን ልሸፍን ባዮሎጂዬን አነሣሁ። ያነሣሁት ባዮሎጂውን ብቻ ነበር... ሞጁሉ ጠረጴዛው ላይ እንደተገለጠ ቀረ።

አባዬ ሞጁሉን አየ። ትከሻው ላይ ያለውን ቦርሳ አየ። ቀስ ብሎ አወረደውና ጭኔ ላይ አስቀመጠው።

«ዶክተር» ሊለኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ...

«ሜሮን» አለኝ።