በቤቴ ያገኘኋት አራስ

ቦሌ አራብሳ የደረሰኝን ኮንዶሚኒየም በተረከብኩ በሳምንቱ መጥረጊያና ባልዲ ይዤ ሄድኩ። ሦስተኛ ፎቅ ነው። ቁልፌ አልከፍት አለ። ቀይረውታል። መስኮቱ ላይ ነጠላ ተሰቅሏል፣ ከውስጥ ደግሞ ሕፃን ያለቅሳል።

እኔ እንዲህ በቀላሉ የምደነግጥ ሰው አይደለሁም። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ፤ ወረቀት የያዘ ሰው እንደማይሸነፍ አውቃለሁ። በሩን መደብደብ ሳያስፈልገኝ ቀጥ ብዬ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። የዕጣውን ወረቀት፣ ውሉን፣ የርክክቡን ሰነድና መታወቂያዬን ከነፎቶ ኮፒያቸው ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። ተረኛው ሳጅን አንድ በአንድ አገላበጠና፣ "እማማ፣ የእርስዎስ የሚያከራክር አይደለም" አለኝ። እማማ ማለቱን አልወደድኩለትም፤ አብሮኝ መነሣቱን ግን ወደድኩ።

በሩን የከፈተችልን ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ያለች ሴት ናት። ፊቷ ገርጥቷል፣ ጭንቅላቷን በሻሽ አስራለች። ሳጅኑ "ይህ ቤት የእኚህ እናት..." ብሎ ሳይጨርስ ፍራሹ ላይ የተጠቀለለውን ሕፃን አየና ኮፍያውን አወለቀ።

"ከወለድሽ ስንት ቀንሽ ነው?"

"አምስት።"

"ወንድ ነው ሴት?"

"ሴት ናት።"

ወደ እኔ ዞሮ በረጅሙ ተነፈሰ። "ወንድ ቢሆን አርባ ቀን ነበር። ሴት ናት፤ ሰማንያው እስኪሞላ ሰባ አምስት ቀን ሊታገሡ ነው፣ እማማ።"

ደሜ ፈላ። "ሕጉ ላይ ወንድና ሴት የሚል የት አለ?" ብዬ ጮኽኩ። የት እንዳለ ግን አሳምሬ አውቃለሁ። ክርስትና ያልተነሣች ልጅ ከነአራስ እናቷ ደጅ የሚያወጣ ሰው በሰፈሬ ቢኖር፣ የመጀመሪያዋ ወቃሽ እኔ እሆን ነበር።

ሴትዮዋም አልካደችም። ባሏ ለቀን ሥራ ክፍለ ሀገር ወጥቶ ድምፁ ጠፍቷል፤ አከራይዋ ምጧ ሲቃረብ አስወጥታታለች፤ ባዶ ቤት አየች፣ ቁልፍ አስቀይራ ገባች። ሳጅኑ አንዲት ወረቀት ላይ፣ ልጅቱ ክርስትና እንደተነሣች እናቷ ቤቱን ለሕጋዊቷ ባለቤት ታስረክባለች ብሎ ጻፈ። ሁለታችንም ፈረምን።

ከዚያ በኋላ ግድግዳው እንዳይቦጫጨር፣ ቧንቧው እንዳይሰበር ብዬ በየእሁዱ ቤቴን እጎበኝ ጀመር። አራስ ቤት ደግሞ ባዶ እጅ አይገባም። ስለዚህ እያጉረመረምኩ ከሾላ ገበያ ቅቤና የአጥሚት እህል ገዝቼ፣ አስፈጭቼ፣ ታክሲ ተጋፍቼ፣ ቤቴን ለነጠቀችኝ ሴት እሸከማለሁ። ጓደኞቼ ሳቁብኝ። ይሳቁ! ቤቱ የእኔ ነው፤ እዚያ የገባ ሁሉ እንግዳዬ ነው።

በሰማንያኛው ቀን ሄድኩ። ክርስትና የለም።

"እትዬ፣ የክርስትና እናት የምትሆናት ሰው አጣሁ። እዚህ ማንንም አላውቅም" አለችኝ አቀርቅራ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ሰማንያ ቀን ሳይሆን ክርስትና ነው። የሚያነሣት ከሌለ ክርስትና የለም፣ ክርስትና ከሌለ ርክክብ የለም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሏል ይኼ ነው! ሠላሳ ዓመት የሰው ወረቀት ሳርም ኖሬ፣ የራሴን ሳላነብ መፈረሜ አንገበገበኝ።

"እኔ አነሣታለሁ!" አልኩ። "በመጪው እሁድ። ነጩ ልብስ ከእኔ፣ ቁልፉ ካንቺ።"

እሁድ ማለዳ ቄሱ ሲጠይቁ ስለ ልጅቱ ሆኜ መለስኩ። ከውሃው ስትወጣ ተቀበልኳት፤ እየጮኸች ጣቴን ጨብጣ ያዘች። እናቷም ቃሏን ጠበቀች። ወለሉን አጥባ፣ ዕቃዋን በአንድ ማዳበሪያ አስራ አድራ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን ቁልፉን በሁለት እጇ ሰጠችኝ፣ ልጇን አዘለች፣ ደረጃውን ወረደች።

ሳሎኔ መካከል ቆምኩ። አሸንፌያለሁ። ልጅቱ ታች ስትደርስ አለቀሰች፤ እኔም ሳላስበው ወደ ደረጃው ሮጬ ጮኽኩ።

"ልጄን ወዴት ነው የምትወስጃት?"

ያን ሁሉ እሁድ ስመላለስ፣ ወዴት እንደምትሄድ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያት አላውቅም። አፈርኩ።

"እንጃ፣ እትዬ" አለችኝ ከታች።

"ተመለሺ። መኝታ ቤቱ ይበቃችኋል። የምትገቢው ግን እኔ ሳስገባሽ ነው!"

ማዳበሪያዋን ተሸክማ ቀስ ብላ ወጣች። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ቢሆንም ደፉ ላይ ቆማ አንኳኳች።