የሰይፈኛዋን ምትክ ስናገኝ

ወንድሜ ጌም ያቆመበትን ቀን አስታውሳለሁ።

ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ከቤታችን ሁለት በር አለፍ ብሎ አንድ ጌም ቤት ነበር። እዚያ የምገባ ሴት ልጅ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ የምገባውም ታላቅ ወንድሜ ይዞኝ ስለሚሄድ ነው። በጣም የምንወደው ባለ ብዙ ክፍል ጌም ነበር። አንዲት ሰይፈኛ በፈራረሱ ከተሞች እየዞረች ጭራቅ ትገጥማለች፣ ካገኘችው ሰው ጋር ታወራለች፣ የምትመልሰው መልስ የታሪኩን መንገድ ይቀይረዋል። ወንድሜ ጆይስቲኩን ይዞ ይዋጋል። እኔ በእንግሊዝኛ እሻለው ስለነበር ንግግሩን እያነበብኩ በሶማሊኛ እነግረዋለሁ፤ መልሱንም የምመርጠው እኔ ነኝ። ሦስቱን ክፍሎች እንዲህ ሆነን ጨረስናቸው።

አራተኛው ሲወጣ ተራ ጠብቀን ገባን። ሰይፈኛዋ አለች፣ ግን ከማንም ጋር አታወራም። አንድ ቁልፍ ደጋግሞ መጫን ብቻ ነው፣ ጠላት እንደ ቅጠል ይረግፋል። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ወንድሜ ጆይስቲኩን መሬት ላይ አስቀመጠው።

«አባዮ፣ ገደሏት» አለኝ። አባዮ በሶማሊኛ እህቴ ማለት ነው። ተነስቶ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ጌም ቤት አልገባም።

ዓመታት አለፉ። እሱ ባጃጅ ነጂ ሆነ፣ አገባ፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ቤት ተከራየ። እኔ ቀፊራ ገበያ አጠገብ ጨርቅ ቤት ተቀጠርኩ። እኛ ጋ ሲመጣ እናታችንን ሰላም ይላል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ይሄዳል። ተጣልተን አልነበረም፤ ወሬ አልቆብን ነው።

ያገለገለ ላፕቶፕ ስገዛ ለእናቴ «ለትምህርት ነው» አልኳት። እውነቱን ለመናገር የዚያን ጌም ምትክ ልፈልግበት ነበር። ድሬ በቀትር ሱቅ ይዘጋል፣ ወንዱ ሽርጡን አገልድሞ ይጋደማል፤ እኔ ያን ሰዓት ለፍለጋዬ አደረግኩት። አንዱ ጌም መልኩ ዓይን ያፈዛል፣ ሰዎቹ ግን የነገርኳቸውን ወዲያው ይረሱታል። ሌላው ወሬው ግሩም ነው፣ ሰይፉ ግን ጭቃ የሚመታ ዱላ ይመስላል። አንዱን ሳምንት ሙሉ ታግዬው አጠፋሁት፤ ስሸነፍ ጥፋቴ ምን እንደሆነ አይገባኝም። በድሮው ጌም ስንሞት በማን ጥፋት እንደሞትን አውቀን እንጨቃጨቅ ነበር።

ባለፈው ዓመት ግን ጥቂት ሰዎች የሠሩትን፣ ስሙን ሰምቼው የማላውቀውን አንድ ጌም ጫንኩ። መግቢያው ላይ አንድ ሽማግሌ አንጥረኛ ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝ፤ ዋሸሁት። ከሦስት ቀን በኋላ ሌላ ከተማ ደርሼ አንድ በር ሳንኳኳ የከፈተችው ልጁ ናት። «አባቴን የዋሸሽው አንቺ ነሽ» ብላ በሩን ፊቴ ላይ ዘጋችው። ከተቀመጥኩበት ብድግ አልኩ። ወዲያው ለወንድሜ ደወልኩለት።

«አንድ ጌም አግኝቻለሁ።»

«አቦ ተዪኝ! እኔ አሁን የልጆች አባት ነኝ።»

«ሰዎቹ የዋሸሃቸውን ያስታውሳሉ።»

ቀስ ብሎ «ሰይፉስ?» አለኝ።

«ሰይፉን አንተ ንገረኝ። ተዋጊው አንተ አይደለህ?»

በማግስቱ በቀትር ባጃጁን ዛፍ ጥላ ሥር አቁሞ መጣ። ቁልፉን ከእጁ ሳያስቀምጥ «አምስት ደቂቃ ብቻ» አለ። ከላፕቶፑ ጋር ያገናኘሁትን ጆይስቲክ ይዞ ቆሞ ጀመረ። ሞተ። እንደገና ሞተ። በሦስተኛው የጠላቱን ምት በሰይፉ ጠርዝ መለሰው፤ ብረቱ ጮኸ፣ ጠላቱ ተንገዳገደ። ወንድሜ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ።

«ወላሂ» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀትሩ ይመጣ ነበር። እኔ አነባለሁ፣ እሱ ይዋጋል። እንዲህ እያልን ድንጋይ የለበሰው የጦር አለቃ ጋ ደረስን፣ እዚያ ተጣበቅን። ከሳምንት በላይ ገጠመው። ላብ ጆይስቲኩን ያንሸራትተዋል፣ በሸሚዙ እየጠረገ እንደገና ይገባል። አንድ ቀን «እጄ አርጅቷል፣ አባዮ» አለኝ፤ የምር ነበር ያለው።

ያን ዕለት መብራት ጠፍቶ ላፕቶፑ በባትሪ ነበር የሚሠራው። ባትሪው ሊያልቅ ሲል፣ ቀደም ብለን ከሞት ያዳንናት አንዲት ሐኪም ያለችን ነገር ትዝ አለኝ።

«በግራ ዙር! በግራ ጆሮው አይሰማም!»

«ማን አለ?»

«ያዳንናት ሐኪም!»

በግራ ዞረ። አለቃው በእርግጥም አልሰማውም። ወንድሜ መታ፣ አፈገፈገ፣ አሁንም በግራ ዞሮ መታ። ድንጋዩ ከላዩ ተሰነጣጠቀ፣ ያ ሁሉ ግዙፍ ሰውነት በጉልበቱ ወደቀ። ሁለታችንም ጮህን። ሰፈሩን ሁሉ ሳንቀሰቅስ አልቀረንም።

እናታችን መቁጠሪያዋን፣ መስበሐዋን፣ እንደያዘች እየሮጠች ገባች። «ማን ሞተ?»

«የጦር አለቃው!» አላት ወንድሜ፣ እኔን ከመሬት አንስቶ እያሽከረከረኝ።

እሷ ስክሪኑን አየች፣ ምንም አልገባትም። ከዚያ እኛን አየች። ሁለታችንን እንዲህ ካየችን ስንት ጊዜዋ! መስበሐዋን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ እልልታዋን አቀለጠችው።

ሥራ የመግቢያ ሰዓቴ አልፎ ስለነበር ወንድሜ ራሱ አደረሰኝ። መንገድ ላይ እጅ ያነሳ ተሳፋሪ ሁሉ እያለፈ፣ እስከ ቀፊራ ጥሩምባውን እያስጮኸ ነዳ። አሠሪዬ በር ላይ ቆማ «ምን አገኘሽ?» አለችኝ።

«አሸነፍን» አልኳት።

ማንን እንዳሸነፍን አልጠየቀችኝም። ፊቴን አየት አድርጋ «እንኳን ደስ አላችሁ» አለችና የጨርቅ መለኪያ ሜትሩን አቀበለችኝ።