ያ እምም የሚል ድምፅ

«የአባትህ ሙት ዓመት ሳይደርስ በዚህ ቤት ዘፈን አይከፈትም አልኩህ።»

«ዘፈን ማን አለ እማዬ? አምፕሊፋየሩ መሥራቱን ልየው ብቻ። ካፓሲተር ዝም ብሎ ሲቀመጥ ይደርቃል።»

«ይድረቅ። እኛስ ደርቀን የለ?»

ዛሬ ጉርድ ሾላ በአንድ ራዲዮ ሠሪ በር ሳልፍ የቀለጠ የብየዳ እርሳስ ሸተተኝና ይህ የእማዬና የወንድሜ ክርክር ትዝ አለኝ። ያኔ ልጅ ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ ሳሎናችን ውስጥ፣ የአባዬን አሮጌ አምፕሊፋየር ከፍቶ ያበጡትን ካፓሲተሮች፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙትን ትንንሽ ቆርቆሮዎች፣ በአዲስ ቀይሮ ነበር። አባዬ ከሥራ ሲገባ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ የሚያበራው ይህንኑ ነበር። ዘፈኑ እስኪጀምር ስፒከሩ እምም ይል ነበር።

ወንድሜ ቴፑ ውስጥ ካሴት ሳያስገባ አምፕሊፋየሩን ብቻ አበራ። ቀዩ መብራት በራ። እማዬ ጆሮዋን ወደ ስፒከሩ አስጠጋች።

«ምንም አይሰማም።»

«እሱ እኮ ነው ጥሩው። ያ እምም የሚለው ጠፋ። አሁን ዘፈኑ ጥርት ብሎ ይሰማል።»

«ወጥ ቤት ሆኜ አባትህ መግባቱን የማውቀው በዚያ እምም ነበር» አለች ቀስ ብላ።

ወንድሜ አሮጌዎቹን ካፓሲተሮች ከምንጣፉ ለቅሞ በመዳፉ እንደያዘ ቀረ። እማዬ ጥቁር ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። በሩን የዘጋችው በቀስታ ነበር፤ ግን ጥርት ብሎ ተሰማ።