«ጽኑ» የተገለበጠ ሰሞን

የሺዋስ ቃሊቲ ውስጥ ትንሽ ጋራዥ ነበረው። የሰው መኪና እየጠገነ የሚያገኛትን ሁሉ የሚያጎርሰው ግን ለአንዲት ቀይ አሮጌ ፊያት ነበር፤ የውድድር መኪናው። ሚስቱ አሰጋሽ «ጣውንቴ ባለ ጎማ ናት» ትል ነበር።

ውድድር በባዶ ኪስ አይሆንም። ያዳኑት ሐጂ ከማለዲን ናቸው፤ ከወሎ መጥተው «ጽኑ ቀለም» የሚባል ፋብሪካ ከሰፈራችን ያቆሙ ሽማግሌ። ጎማውንም ቤንዚኑንም ችለው በሮቿ ላይ «ጽኑ» ብለው በትልቁ አስጻፉ። የሺዋስ በሃምሳ ዓመቱ ሙሽራ ሆነ። አንዴማ ሦስተኛ ወጥቶ ሰፈሩን በጥሩምባ አደንቁሮታል።

በ1997 ሚያዝያ ሲወዳደር አንድ ኩርባ ላይ ተገለበጠ። ክርኑ ከመላጡ በቀር ምንም አልሆነም። በማግስቱ በእኔ ፀጉር ማስተካከያ ቤት አንዱ ደንበኛ «ትናንት ምን ተፈጠረ?» ብሎ ጠየቀኝ። አፌ መቼ ያርፋል!

«ጽኑ ተገለበጠ!» አልኩት።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። በሳምንቱ ታክሲ ውስጥ ሁሉ ይባል ጀመር። ቡድን ሲሸነፍ፣ እጮኛ ሲከዳ «ጽኑ ተገለበጠ» ነው።

ከዚያ ምርጫው መጣ፣ ከተማው ታመሰ። በዚያ ሰሞን መገልበጥ የመኪና ነገር ብቻ አልነበረም። ሁለት የማይታወቁ ሰዎች ሐጂ ቢሮ ገብተው «ይሄ ጽኑ የምትሉት ማነው? ገልባጩስ?» ብለው ጠየቋቸው። ሐጂ የሺዋስን አስጠሩት፤ እኔም አብሬው ሄድኩ።

«ልጄ፣ ጠልቼህ አይደለም። ስድሳ ሠራተኛ አለኝ። ስሜን ከመኪናህ ላይ ፋቅልኝ» አሉት።

«ሐጂ፣ እርስዎ ከተዉኝ ማን አለኝ? ሌላ ስም ያስጽፉበት።»

«አልችልም። ስፖንሰርነቱ ይቅርብኝ።» ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ቀልዱ የኔ ነው፣ ከመኪና በላይ ትርጉም የለውም ማለት እችል ነበር። ፈራሁ፣ ዋጥኩት። አሁንም ያንገበግበኛል።

የሺዋስ የፊያቷን በሮች በብርጭቆ ወረቀት ራሱ ፋቃቸው። የሳሙናውንም የለስላሳውንም ፋብሪካ ደጅ ጠና። ሁሉም መጀመሪያ ይስቃሉ፣ «ያ የተገለበጠው አንተ ነህ?» ይላሉ፣ ከዚያ ይሸኙታል። በዓመቱ ፊያቷን ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሸጣት። ከዚያ ወዲህ ጋራዡን ቢከፍትም ልቡ አልነበረበትም፤ ጨዋታም ተወ።

ጉበቱ ታሞ አልጋ ሲይዝ ፂሙን ልላጨው ቤቱ ሄድኩ። አሰጋሽ ውሃ አሙቃ አቀረበችልኝና ወጣች። ግማሹን ጉንጩን እንደጨረስኩ እጄን ያዘኝ።

«አምባው፣ ያንን ቀልድ የጀመረው ሰው ማን እንደሆነ ሰምተሃል? ቂም ይዤ መሞት አልፈልግም። ባገኘው ይቅር እለው ነበር።»

«እኔ እንጃ፣ የሺ» አልኩት።

እጄን ለቀቀኝ። የቀረውን ጉንጩን ላጨሁት፣ ፊቱን ጠረግሁለት። ሐሙስ ቀበርነው።