የዘጠነኛው እትም ታይፒስት

ስልኩ ሲጠራ ግቢ ውስጥ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። የማላውቀው ቁጥር ነው።

«ድምፄን ለየሽው?» አለኝ።

ለየሁት። ሠላሳ ዓመት ያህል አልሰማሁትም፤ ግን ለየሁት። ያ ድምፅ ሲናገር እኔ ታይፕ ስመታ ስንት ገጽ እንዳለቀ እኔ ነኝ የማውቀው።

«እርስዎ ነዎት?» አልኩት።

ያን ጊዜም እርስዎ እለው ነበር፤ እሱ አንቺ ይለኛል። በዕድሜ ቢበልጠኝ ስምንት ዓመት ነው። ግን እሱ ደሴ የሳይንስ መምህር ነበር፣ እኔ ኮምቦልቻ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት። እዚህ ወረቀት ላይ እሱ እለዋለሁ። ፊት ለፊት ያልደፈርኩትን እዚህ ልድፈረው።

ደርግ ወድቆ ሰው ሁሉ ያሻውን ማተም በጀመረበት ሰሞን፣ ደሴ ውስጥ የሳይንስ ልብወለድ አፍቃሪዎች ክበብ ነበር። አባላቱ አሥራ ሁለት ቢሆኑ ነው፤ መምህራን፣ አንድ የጤና ረዳት፣ አንድ መካኒክ፣ የቀሩት ተማሪዎች። እሑድ እሑድ ቧንቧ ውሃ ሰፈር እሱ በተከራያት ክፍል ይሰበሰባሉ። ሽፋናቸው የተገነጠለ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ይዋዋሳሉ፤ ያነበበው ላላነበበው በአማርኛ ይተርክለታል። ስለ ማርስ፣ ስለ ሮቦት፣ በጊዜ ወደ ኋላ ስለሚሄድ ሰው። እኔን ወደዚያ የወሰደኝ መካኒኩ ነው፤ የአክስቴ ልጅ ነበር። «እነሱ ዘንድ የሚወራውን ብትሰሚ ታብጃለሽ» ብሎ ነው የወሰደኝ። መጽሔት ሊያወጡ አስበው ታይፕ የሚመታ ሰው አጥተው እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

ቢሆንም አልተቀየምኩም። እሑድን ስጠብቅ ሳምንቱ አያልቅልኝም ነበር። ከወንዶቹ መሀል ብቸኛዋ ሴት እኔ ነኝ፤ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ እቀመጣለሁ፤ አልናገርም፤ ግን አንዲት ቃል አታመልጠኝም።

መጽሔቷ ስምንት ገጽ ነበረች። የመጽሐፍ ማጠቃለያ፣ የአንባቢ ደብዳቤ፣ ስለ ጠፈር ጥያቄና መልስ፣ አንዳንዴም አጭር ልብወለድ ይወጣባታል። የቢሮ ኃላፊዬን አስፈቅጄ ከሥራ ሰዓት በኋላ እቀርና ስቴንስል ላይ እመታታለሁ። ስቴንስል ሰም የተቀባ ስስ ወረቀት ነው፤ የታይፑ ፊደል ይበሳዋል፣ ከዚያ ማባዣ ማሽኑ ላይ ሲጠቀለል ቀለሙ በቀዳዳው እያለፈ ወረቀት ላይ ያርፋል። በአማርኛ ታይፕ አንዷን ፊደል ለማውጣት ሁለት ሦስት ጊዜ መምታት ነበረብን። ከተሳሳትኩ በማረሚያ ቀለም ደፍኜ፣ እፍ ብዬ አድርቄ፣ እንደገና እመታለሁ። ጣቶቼ በማባዣው ቀለም ጠቁረው ነው ቤት የምገባው። እናቴ «ትዳር እንዲህ ባለ እጅ አይያዝም» ትለኝ ነበር።

ዘጠነኛው እትም ላይ ሁለት ገጽ ጎደለ። የጤና ረዳቱ እጽፋለሁ ያለውን ጽሑፍ ሳያመጣ ቀረ። አዘጋጁ እሱ ነበርና ቢሮ ስልክ ደውሎ «አንድ ነገር ፈልጊና ሙይው፤ የፈለግሽውን» አለኝ። ምን እፈልጋለሁ? መጽሐፍ የለኝም። ታይፑ ፊት ተቀመጥኩና ከራሴ ጀመርኩ። ረቂቅ አልጻፍኩም። ቀጥታ ስቴንስሉ ላይ ነው።

ታሪኩ ይህ ነው። ውሃ ያለቀበት ኮከብ ላይ የሚኖር አንድ ፍጡር እኛ ሰፈር ቦኖ ላይ ይወርዳል። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ደርድረው፣ ጀሪካን የሌላት በድንጋይ ተራ ይዛ፣ ውሃው እስኪመጣ ይጠብቃሉ። ከሰማይ መምጣቱ አያስደንቃቸውም። የሚያናድዳቸው ተራ ሳይዝ መቅረቡ ነው። «ከየትም ና፤ ከኋላ ተሰለፍ!» ይሉታል። አንዲት ሴት ግን አዝናለት ተራዋን ትሰጠዋለች። እሱ ጠጥቶ ሲሄድ ውሃው ይቋረጣል፤ ሌሎቹ ሴቶችም ከዚያን ቀን ጀምሮ እሷን አያናግሯትም። በቃ፣ እዚያ ላይ ያልቃል። የደራሲው ስም የሚጻፍበትን መስመር ባዶ ተውኩት። አፍሬ ነው።

ስቴንስሉን ስወስድለት አዘጋጁ ቆሞ አነበበው። ከዚያ ተቀምጦ እንደገና አነበበው።

«ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ።»

«አንቺ?» አለና ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ በፊት እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። «ግሩም ነው። ግን አንቺን አንባቢ አያውቅሽም። ለዛሬ በእኔ ስም ይውጣ። ቀጣዩን በራስሽ ስም እናወጣዋለን። አብሽሪ።»

እሺ አልኩ። በባዶው መስመር ላይ ስሙን የመታሁት እኔው ነኝ። ትወጂው ነበር ወይ የሚለኝ ሰው ይኖራል። አልወደውም ነበር። የወደድኩት «ግሩም ነው» ያለበትን ደቂቃ ነው፤ ያን ደቂቃ ላለማበላሸት ነው እሺ ያልኩት።

ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ደብዳቤ መጣ። ለመጽሔቷ ያን ያህል ደብዳቤ መጥቶላት አያውቅም። ከሐይቅ፣ ከወልድያ፣ አንዱ ከአዲስ አበባ። «ውድ ደራሲ፣ የቦኖዋን ሴት ከየት አመጧት?» ይላሉ። ለአሥረኛው እትም ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ የመታሁት እኔ ነኝ። የእሱንም ምስጋና መታሁ። ሌላ ታሪክ ጽፌ ስሰጠው «ለጊዜው ቦታ የለም» አለኝ። ሦስተኛ አልጻፍኩም። ከአሥራ አራተኛው እትም በኋላ ክበቡ ተበተነ፤ እሱ አገባ፣ የአክስቴ ልጅ ወደ አረብ አገር ሄደ፣ እኔም አግብቼ ወለድኩ። ከየእትሙ አንድ አንድ ቅጂ ግን በቆርቆሮ ሳጥን አስቀምጬ ነበር።

ስልክ የደወለልኝ ለዚያ ነው። አዲስ አበባ ያሉ ወጣቶች የድሮ የክበብ መጽሔቶችን ስካን እያደረጉ ኢንተርኔት ላይ እንደሚያስቀምጡ ነገረኝ። የእሱ ቅጂዎች የሉም። «በጦርነቱ ጊዜ ሸሽተን ስንመለስ ቤቱ ባዶ ነበር» አለኝ። «አልጋ መውሰዳቸው ይገባኛል። ያን ወረቀት ምን ያደርጉለታል?» ድምፁ ሲሰበር አዘንኩለት። እኛም ኮምቦልቻን ለቀን ሸሽተን ነበር፤ የእኔን ሳጥን ግን ዘራፊዎቹ ከፍተው አይተው ጥለውት ነው የሄዱት።

ወረቀቱን ከእጄ ማውጣት ስላልፈለግሁ ራሴ በስልኬ አነሳዋለሁ አልኩ። ጠዋት ጠዋት፣ ብርሃኑ በመስኮት ሲገባ፣ ጠረጴዛ ላይ አንድ በአንድ። መቶ አሥራ ሁለት ገጽ። የስቴፕለሩ ሽቦ ዝጎ ወረቀቱን በልቶታል፤ በቢላ ጫፍ እያላቀቅሁ አወጣሁት። ቀለሙ የደበዘዘበትን ደጋግሜ አነሳሁ። የራሴን ስህተቶች ከሠላሳ ዓመት በኋላ አየኋቸው፤ ማረሚያ የደፈንኩበት ሁሉ ቢጫ ሆኗል። ልዋሽ አልችልም፣ ደስ የሚል ሥራ ነበር።

ወጣቶቹ ከምስሉ ጋር ዝርዝር ይፈልጋሉ፤ እትም፣ ገጽ፣ ርዕስ፣ ደራሲ። ዘጠነኛው ላይ ስደርስ ደራሲ በሚለው ስር የራሴን ስም ጻፍኩ። ዝርዝሩን ለሁለቱም፣ ለእሱም ለወጣቶቹም ላክሁ፤ ምስሎቹን ግን ገና እስከ ስምንተኛው ድረስ ብቻ ነበር የላክሁት።

በማግስቱ ደወለ። «አንድ ስህተት ገብቷል» አለኝ። «ስህተት አይደለም» አልኩት። «እንግዲያው ነይና እንነጋገር» አለኝ። ሄድኩ።

አሁንም ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው የሚኖረው፤ የራሱን ቤት ሠርቷል። አርጅቷል፤ ሲነሳ ጉልበቱን ይዞ ነው። ዝርዝሩን በወረቀት አሳትሞ፣ ስሜን በቀይ እስክሪብቶ አክብቦታል። የተማሪ ፈተና ይመስላል።

«ታይፕ ያደረግሽው አንቺ ነሽ፤ ይህን ማንም አይክድም» አለኝ።

«የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ገጽ ጎደለ ብለው ደወሉልኝ። አያስታውሱም?»

«ገጽ መጉደሉን አስታውሳለሁ። ለዚያ ብዬ አይደል የጻፍኩት?»

ዓይኑን አየሁት። የሚዋሽ ሰው ዓይን ቢሆን ምናለ! እየዋሸ አልነበረም። ያምናል። ሚስቱ ሻይ ይዘው ገቡና ሰምተው ሳቁ። «የቦኖዋን ታሪክ ነው? እሷን ሲተርክላቸው አይደል ልጆቼ ያደጉት!» አሉ። ሠላሳ ዓመት ለተማሪዎቹ፣ ለልጆቹ ሲናገረው ኖሮ የራሱ ሆኖለታል።

«ወላሂ የኔ ነው» አልኩ።

«መሐላ ምን አመጣው?» አለኝ በለሰለሰ ድምፅ። «ረቂቁ ካለሽ አምጪውና እኔው ራሴ አርመዋለሁ።»

«እርስዎ ውሃ ቀድተው ያውቃሉ? በድንጋይ ተራ መያዝን ከየት ያውቁታል?»

«ደራሲ ሁሉን ኖሮ ነው እንዴ የሚጽፈው?»

ረቂቅ የለኝም። ሻይዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ለወጣቶቹ ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ ጨዋ ነበረች። «እትዬ፣ እኛ የምንመዘግበው ወረቀቱ ላይ የታተመውን ነው» አለችኝ። «ከፈለጉ ከስር ማስታወሻ እንጨምራለን።»

«ምን የሚል?»

«ታይፒስቷ ድርሰቱ የእኔ ነው ይላሉ፣ የሚል።»

ይላሉ። ልጅቷ ልክ ናት፤ እሷ ምን ታድርግ? አመስግኜ ዘጋሁ። የቀሩትን ምስሎች ላክሁ፤ ዘጠነኛውን አስቀረሁ። ሲጠይቁኝ አይጥ በልቶታል፣ ስዘረዝር ሳላስተውለው ነው አልኳቸው። እሱም ደወለ፤ ለእሱም ያንኑ አልኩት። ወላሂ ግን አላልኩም፤ እዚያ ድረስ አልደፈርኩም። «ከሠራሁት ሁሉ የምወደው እሱን ነበር» አለኝ። እኔም እኮ ያንኑ ታሪክ ነው የምወደው።

ከወራት በኋላ ለለቅሶ ደሴ ወጥቼ፣ ስመለስ ሰኞ ገበያ ውስጥ ፊት ለፊት ተገናኘን። ሰው እየገፋን ነበር፤ ክንዴን ይዞ ወደ አንድ ሱቅ በረንዳ አወጣኝ። የተቀየመ አይመስልም።

«ዘጠነኛውን ልጽፈው ጀምሬያለሁ» አለኝ። «የቦኖዋን። ከትዝታዬ። የአዲስ አበባዎቹ ወጣቶች እናስቀምጠዋለን ብለውኛል። ግን መጀመሪያው ጠፋብኝ። አንቺ ስለመታሽው በቃልሽ ይዘሽው ይሆናል፤ እንዴት ነበር የሚጀምረው?»

በቃሌ ነው የማውቀው። ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ። ያን ጊዜ ብነግረው ቢያንስ ታሪኩ እንደ ነበረ ይተርፍ ነበር።

«አላስታውስም» አልኩት።

«እድሜ ነው» አለኝ፤ አዘነልኝ። የኮምቦልቻው ሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ደስታ ቢጤ ይሰማኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ጆሮዬ ብቻ ነው የተደፈነው።

ባለፈው ሳምንት የወጣቶቹ ድረ ገጽ ላይ ወጣ። «ከደራሲው ትዝታ ዳግም የተጻፈ» ይላል። አነበብኩት። እንግዳው ፍጡር ፕሮፌሰር ሆኗል። ቦኖው የለም፤ ወንዝ ነው። ሴቶቹ አንድ ቃል አይናገሩም፤ እንግዳው ነው ስለ ሰላምና ስለ ሳይንስ ረጅም ንግግር የሚያደርግላቸው፤ እነሱም ያጨበጭባሉ። የእኔ የሆነች አንዲት ዓረፍተ ነገር ብፈልግ አላገኘሁም። ከስር ምስጋና አለ፤ ቅጂዎቹን ጠብቀው ላቆዩልን ታይፒስት ይላል፤ ከነሙሉ ስሜ። የአባቴን ስም አሳስተውታል። እንዲያርሙት አልነገርኳቸውም።