ስምንቱ የጎማ እግሮች

ያን ነገር ባስታወስኩ ቁጥር እስከ ዛሬ ጥርሴን እነክሳለሁ። ሰዎቹ ብቻ አይደሉም የሚያናድዱኝ፤ በራሴም ጭምር እናደዳለሁ።

በደርግ ጊዜ ወሎ ሰፈር ከእናቴ ጋር የምንኖርበት ቤት ወለሉ ጣውላ ነበር። ሁለት ድምፅ ማጉያዎች በእጄ ሠርቼ ነበር፤ ሣጥናቸው ኮምፔርሳቶ፣ የውስጥ ዕቃቸው ከተበላሹ ራዲዮኖች የተፈታ። ማንም አላስተማረኝም። ሙዚቃ ስከፍት ግን ወፍራሙ ድምፅ ቀጭኑን ይውጠው ነበር። ሣጥኑን ስፈታና ስገጥም ወራት አለፉ። አንድ ቀን ወለሉ ላይ ባስቀመጥኩት ብርጭቆ ውስጥ ውሃው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ለካ ወለሉም አብሮ ይዘፍን ኖሯል።

ከጋራዥ የተጣለ ጎማ ለምኜ አመጣሁ። በሁለት ቁራጭ ጎማ መሃል የጠርሙስ ቡሽ እያጣበቅሁ ለእያንዳንዱ ሣጥን አራት አራት እግር ሠራሁ። አንዱ እግር ከሌላው በወረቀት ውፍረት እንኳ ከበለጠ እንደገና እሞርደው ነበር። ውሃው ጸጥ አለ። ክራሩ ከማሲንቆው ተለይቶ ተሰማ። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «ደግሞ ምን ገዛህ?» አለችኝ። ምንም አልገዛሁም።

ብዙም ሳይቆይ የቀበሌው ድምፅ ማጉያዎች ተቃጠሉና ሊቀመንበሩ ሁለት ጥበቃዎች አስከትሎ ቤታችን መጣ።

«ለአንድ ስብሰባ ነው። እሑድ ሲያልቅ ትወስዳለህ» አለኝ ሊቀመንበሩ።

አንደኛው ጥበቃ ሣጥኑን ሲያነሳ እግሮቹን አየና ሳቀ። «ጫማ አጥልቆለታል እኮ!» አለ። አንድ በአንድ ገንጥሎ ደጃፍ ላይ ወረወራቸው። ከአፈር ላይ ለቅሜ ኪሴ ከተትኳቸው።

እሑድ አዳራሹ ስደርስ ሣጥኖቼ ከእንጨት መድረኩ ጋር በሚስማር ተመትተዋል። የቀበሌው ዕቃ ሁሉ እንደዚያው ነበር፤ አግዳሚውም ጠረጴዛውም እንዳይሰረቅ ይቸነከራል። ወር ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰለስኩት ሣጥን ተሰነጣጥቆ ሳየው እንባዬ መጣ።

ሊቀመንበሩ ገና «ጓዶች!» ከማለቱ ውስጡ ባዶ የሆነው መድረክ ከሥር አጓራ። አንድ ቃል አይለይም። ፊት ለፊት የተቀመጡ ሽማግሌ ጡረተኛ ብድግ አሉ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ለስብሰባ ነው የጠራችሁን ወይስ ለወፍጮ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሊቀመንበሩ ፊቱ ጠቁሮ ወደ እኔ ዞረ። «ይሄን ቆሻሻ ስብሰባው እንዳለቀ ይዘህልኝ ጥፋ!»

የምፈልገው ይህንኑ ነበር። ዝም ብል ኖሮ ሁለቱም ያን ዕለት ቤቴ ይገቡ ነበር። ሽማግሌው ግን አልተዉኝም። «ልጄ፣ ሌላ ጊዜ ስትሠራ እህል መጨመሪያም አብጅለት» አሉኝ። ሰዉ እንደገና ሳቀ። ደሜ ፈላ።

«አባባ፣ ጥፋቱ የሣጥኑ አይደለም። የመድረኩ ነው!»

ያን ያህል ሰው ፊት ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ጉጠት ተቀብዬ ሚስማሮቹን ነቀልኩ። ስምንቱን እግሮች ከኪሴ አውጥቼ ከሣጥኖቹ ሥር አስገባሁ፤ አንደኛው ቢወዛወዝብኝ አዙሬ አስተካከልኩት። ሊቀመንበሩ እንደገና «ጓዶች» አለ። ድምፁ ጥርት ብሎ እስከ በሩ ደረሰ። «ይኸዋ!» አሉ ሽማግሌው። ሞኙ እኔ ደስ አለኝ።

ስብሰባው ሲያልቅ ሣጥኖቼን ልወስድ ወደ መድረኩ ወጣሁ።

«ወዴት?» አለኝ ሊቀመንበሩ። «ይሄ ከዛሬ ጀምሮ የሰፊው ሕዝብ ነው።»

«እሑድ ሲያልቅ ትወስዳለህ ብለውኝ ነበር፤ አሁንም ይዘህ ጥፋ ብለውኛል።»

«ያኔ መች እንዲህ ይሠራ ነበር?»

ከዚያ ወደ ጥበቃው ዞሮ «ሚስማር እንዳይነካው» ሲል አዘዘ። ትምህርቴን የተማረው እሱ ብቻ ነው።

ከስብሰባ መቅረት አይቻልም ነበርና በየእሑዱ ኋላ እቀመጥ ነበር። ከሊቀመንበሩ ንግግር አንዲት ፊደል አታመልጠኝም ነበር። ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ ወረቀቱን ሲገልጥ ሁሉ ይሰማኛል። ቤት የጣውላው ወለል ዝም ብሏል። ያን ሰውዬ እንዲህ ጥርት አድርጌ ለሰፈር ያሰማሁት እኔው ነኝ።